ሰማያዊዎቹ ዛፎች፦ የፈረንሳይ የእረኞች ታፔስትሪና የሸማኔዎቹ ክርክር

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የተሸመነ የእረኞች ታፔስትሪ (ግድግዳ ላይ የሚሰቀል በሽመና የተሠራ ሥዕል) ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው እረኛዋ ላይ ነው። እንድትታይ ተብላ ነው የተሠራችው። የሐር ቀሚስ ለብሳ በባዶ እግሯ ሣር ላይ ተቀምጣለች፣ ጎኗ አንገቱ ላይ ሪቫን የታሰረለት በግ ተኝቷል፣ ከኋላዋ ደሞ ዋሽንት የሚነፋ ጎረምሳ አለ። እኔ ግን አሁን አሁን ቀድሜ የማየው ዛፉን ነው። ዛፉ ሰማያዊ ነው። ቅጠሉም፣ ሣሩም፣ ቁጥቋጦውም፣ ሁሉም ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ብዙ ሰው ህልም ይመስላል ብሎ አድንቆ ያልፋል፣ ደስ የሚል ነገር አለውም፣ ሲሸመን ግን እንደዛ አልነበረም፣ ለምለም አረንጓዴ ነበር።

ነገሩ የክር አነካከሩ ነው። በዛ ዘመን ሱፍ ላይ ብቻውን ጥሩ አረንጓዴ የሚሰጥ አስተማማኝ ቀለም ስላልነበራቸው ክሩን ሁለቴ ይነክሩታል፣ አንዴ በኢንዲጎ ሰማያዊ፣ አንዴ ደሞ ጎድ ከሚባል ተክል በሚወጣ ቢጫ። ሁለቱ ሲደራረቡ አረንጓዴ ይሆናል። ግን ኢንዲጎው ብርሃን ይችላል፣ ቢጫው አይችልም። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት ሲያርፍበት ቢጫው እየሳሳ እየሳሳ ይሄድና ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ማስረጃው ደሞ እዛው ጨርቁ ላይ አለ፣ ጀርባው። ጀርባው ወደ ግድግዳ ስለሚዞርና ብዙ ጊዜ ገበር ስለሚሰፋበት ብርሃን አያገኘውም፣ የጥገና ባለሙያዎች ገበሩን ሲያነሱት ያ የድሮ አረንጓዴ፣ ያ የድሮ ሮዝ እንዳለ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የፈለግኩት ግን ያረጀ ነገር ስለሚያምር አይደለም። ቀለሙ የጠፋበት መንገድ ውስጥ አንድ ትልቅ ክርክር አለ፣ በሰዓሊዎችና በሸማኔዎች መሀል የተደረገ፣ በጊዜው ሰዓሊዎቹ ያሸነፉበት። እኔ ደሞ ሸማኔዎቹ ልክ ነበሩ ብዬ ነው የማምነው፣ እና ይሄ ነገር ሙዚየም ውስጥ ታፔስትሪው አጠገብ በምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ የሰዓሊው ስም ብቻ በትልቁ ሲጻፍ ባየሁ ቁጥር ይከነክነኛል።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ታፔስትሪ ማለት ጨርቅ ላይ የተሳለ ወይም የተጠለፈ ሥዕል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥዕሉ ራሱ ጨርቁ ነው። የኛ ሸማኔ መወርወሪያውን ከዳር እስከ ዳር ይልክና ማጉ ሙሉውን ወርድ ያቋርጣል አይደል? እዚህ ግን ማጉ ዳር አይደርስም። ቀይ ክር የሚሄደው ቀይ መሆን ያለበት ቦታ ድረስ ብቻ ነው፣ እዛ ይመለሳል፣ ከጎኑ ሌላ ሸማኔ ወይ ራሱ ሰውየው በሌላ የእንጨት ቀሰም ሰማያዊውን ይቀጥላል፣ ማጉ እየተጠቀጠቀ ድሩን ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍነው የሚታየው ቀለም ብቻ ይሆናል። ቦቬና ኦቡሶን በሚባሉት የፈረንሳይ ከተሞች ውስጥ የሚሠሩት ድሩ አግድም በተዘረጋበት መሣሪያ ነው፣ በእግር መርገጫ አለው፣ ካርቶን የሚሉት ሙሉ ልኩን የያዘ ንድፍ ከድሩ ስር ይነጠፋል፣ ሸማኔው በክሮቹ መሀል እያየ ይከተለዋል። የሚሠራውም ከጀርባ ነው። ፊቱ ወደታች ነው፣ አይታየውም፣ ለማየት ከድሩ ስር ትንሽ መስታወት ያስገባል። በዛ ላይ ምስሉ ተገልብጦ ስለሚወጣ ካርቶኑ ላይ ቀኝ እጅ የነበረው ታፔስትሪው ላይ ግራ እጅ ይሆናል፣ ንድፍ የሚያወጣው ሰው ይሄን ቀድሞ ካላሰበበት ጎራዴ የያዘ ሁሉ ግራኝ ሆኖ ቁጭ ይላል። አሁንም አላለቀም፣ ሥዕሉ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚሸመነው፣ ሸማኔው ዛፉን ከግንዱ ተነስቶ ወደ ላይ አያሳድገውም፣ ከጎን ወደ ጎን እየቆራረሰ ነው የሚሄደው፣ የተሠራውም ክፍል ወዲያው መጠቅለያው ላይ ይጠቀለላል። ሙሉውን የሚያየው ከመሣሪያው ላይ ተቆርጦ የወረደ ቀን ብቻ ነው።

ጎበዝ ሸማኔ በወር አንድ ካሬ ሜትር አካባቢ ይሠራል፣ ሥራው ደቃቅ ከሆነ ግን አንዷ ካሬ ሜትር ብዙ ወራት ትበላለች። ክፍያውም በአስቸጋሪነቱ ነበር። ጎብላን በሚባለው የፓሪስ የሽመና ቤት ውስጥ ፊትና ገላ የሚሠሩት ከፍ ያለ ይከፈላቸው ነበር፣ ሣርና ሰማይ የሚሠሩት ዝቅ ያለ፣ እና አንድ ታፔስትሪ ላይ የእረኛዋን ጉንጭ የሠራው እጅና ከእግሯ ስር ያለውን ሣር የሠራው እጅ የተለያየ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሦስቱ ትላልቅ ቤቶች ተቀራርበው ነው የንጉሥ ድጋፍ ያገኙት፣ ሁሉም በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ ከኋላቸው ደሞ ያው ሚኒስትሩ ኮልቤር አለ፣ ፈረንሳይ ለፍላንደርስ ታፔስትሪ የምታወጣው ገንዘብ ያንገበግበው የነበረ ሰውዬ። ጎብላን እ.ኤ.አ. በ1662 ፓሪስ ውስጥ፣ ቢየቭር በምትባል ወንዝ ዳር፣ የድሮ ቀለም ነካሪ ቤተሰብ ሰፈር ላይ ተቋቋመ፣ ለንጉሡ ነው የሚሠራው። ቦቬ በ1664 ተከፈተ፣ እሱ የግል ንግድ ነው፣ የንጉሥ ድጋፍ ቢኖረውም ሸጦ ማደር አለበት። ኦቡሶን በ1665 የንጉሥ ማምረቻ የሚል ማዕረግ ሲሰጠው አንድ ሕንፃ አይደለም የተሰጠው፣ ክሮዝ በምትባል ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ የነበሩ የቤተሰብ ወርክሾፖች በሙሉ ናቸው ስሙን ያገኙት። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በ1685 ሉዊ ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት ይሰጥ የነበረውን የናንትን አዋጅ ሲሽር ፕሮቴስታንት የነበሩት ሸማኔዎች ወደ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ተሰደዱ፣ ከተማዋ ክፉኛ ተጎዳች። ማዕረግ በሰጠ እጁ ሰዎቹን ማባረሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የእረኞቹ ታሪክ ግን በዋናነት የቦቬ ነው። በ1726 ዣን ባፕቲስት ኡድሪ የሚባል ሰዓሊ፣ እንስሳትና አደን በመሳል የታወቀ፣ የቦቬ ንድፍ አውጪ ሆኖ ተቀጠረ፣ በ1734 ደሞ ከአንድ ሸሪክ ጋር ዳይሬክተር ሆነ። ሰውየው ገበያ ይገባዋል። በዛን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ፍራንሷ ቡሼ የሚባል የፓሪስ ልጅ ጠርቶ ንድፍ አሠራው። ከ1736 ጀምሮ የተሸመነው የመጀመሪያው ተከታታይ ሥራ 14 ምስሎች አሉት፣ የጣሊያን ገጠር በዓል፣ ዳንስ፣ ምሳ፣ መድኃኒት የሚሸጥ አጭበርባሪ፣ እጅ የምታነብ ሴት፣ እንደዛ እንደዛ ያለ። ሀብታም ሁሉ ፈለገው። ከዛ ሌሎች መጡ፣ በመጨረሻም በ1755 የቡሼ የመጨረሻው የቦቬ ሥራ፣ "የተከበረው የእረኝነት ሕይወት" ብንለው የሚሆን ተከታታይ፣ የፍቅር ምንጭ፣ ዋሽንት ነፊው፣ ወፍ አጥማጆቹ ያሉበት።

እነዚህ እረኞች ከየት መጡ ካላችሁ ከገጠር አይደለም የመጡት፣ ከቲያትር ነው። ቡሼ የፓሪስን የኮሚክ ኦፔራ መድረክ ይከታተል ነበር፣ የቲያትር ጸሐፊው ፋቫር ወዳጁ ነው፣ በ1745 መድረክ ላይ አንድ እረኛ ለእረኛዋ ወይን ሲያጎርሳት የታየው ትዕይንት ብዙም ሳይቆይ የቡሼ ሥዕል ሆነ። ሐሩ፣ ሪቫኑ፣ ንጹሕ እግሩ፣ ሁሉም የመድረክ ልብስ ነው። እውነተኛው የፈረንሳይ ገበሬ ምን እያየ ነበር? በ1709 የመጣው ብርድ ወንዝ አቀዘቀዘ፣ ዘር መሬት ውስጥ ገደለ፣ በብርዱና እሱን ተከትሎ በመጣው ረሃብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። የዛ ትውልድ ልጆች ናቸው በቡሼ ዘመን በግ የሚጠብቁት። ሃያሲው ዲደሮ በ1761 ቡሼ ከእውነት በቀር ሁሉ ነገር አለው ብሎ ጻፈ፣ እኔ ሥዕሎቹን ስወዳቸውም ይሄ ቃል ትክክል ይመስለኛል። ግን ዲደሮ ያልነካው አንድ ነገር አለ። ያንን ከእውነት የራቀ ገጠር ክር በክር የሠሩት ሰዎች እጃቸው ውስጥ የነበረው ሱፍ እውነተኛ ነበር፣ ወገባቸውን አጉብጠው ሙሉ ቀን ነበር የሚውሉት፣ ስለ ቀለምም ከሰዓሊው የበለጠ ያውቁ ነበር።

ክርክሩ ይሄ ነው። የድሮ ሸማኔ ሥዕል አይገለብጥም፣ ይተረጉማል። ጥቂት ጠንካራ ቀለሞች ይይዛል፣ ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሄድ መሀል ያለውን ደብዛዛ ቀለም በሌላ ክር አይሞላውም፣ የሁለቱን ቀለሞች ጫፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እርስ በርስ ያስገባቸዋል፣ ራቅ ብለህ ስታየው ዓይንህ ራሱ ይቀላቅለዋል። ቀለሙን ደሞ ሆን ብሎ ጠንከር ያደርገዋል፣ ምክንያቱም እንደሚሳሳ ከአባቱ ተምሯል። ኡድሪ ይሄን አልወደደም። ቦቬ ላይ ሸማኔዎቹ የዘይት ሥዕሉን ቀለም እንዳለ እንዲከተሉ አደረገ፣ በ1748 የጎብላን ዋና ተቆጣጣሪ ሲሆን እዛም ይሄንኑ ጠየቀ። የጎብላን የወርክሾፕ ኃላፊዎች ተቃወሙ። የታፔስትሪ ቀለም ሌላ የሥዕል ቀለም ሌላ ነው፣ በዚህ ዓይነት ስስ ቀለም የተሠራ ነገር አይቆይም ብለው ተከራከሩ። ኡድሪ አልሰማም፣ ባለሥልጣናቱም ከሱ ጋር ነበሩ። በ1755 ሲሞት በቦታው የተተካው ማን ይመስላችኋል፣ ራሱ ቡሼ።

ከዛ በኋላ የቀለም ዓይነት እየበዛ እየበዛ ሄደ። ጎብላን ውስጥ ዣክ ኒልሰን የሚባለው የወርክሾፕ ኃላፊ ከአንድ ኬሚስት ጋር ሆኖ ከሺህ በላይ የቀለም ደረጃዎች አወጣ፣ የርግብ አንገት የመሰለ ግራጫ፣ ሊላ፣ ሮዝ የሚነካካው ነጭ፣ ምን የሌለ አለ። ሥራው ሲወጣ ተአምር ነበር፣ ማንም ሰው የዘይት ሥዕል ነው ብሎ ይሳሳት ነበር፣ ይሄን መካድ አልችልም። ግን እነዚህ ስስ ቀለሞች ክሩ ውስጥ ያለው ቀለም ትንሽ ነው፣ አንዳንዶቹም ብርሃን ከማይችል ዕቃ የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ የሄዱት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ቢጫውማ ከጥንትም ጀምሮ ይሄዳል፣ የመካከለኛው ዘመን ታፔስትሪ ላይም ሰማያዊ ሣር ሞልቷል። ልዩነቱ ያኛው ቢጫውን ቢያጣም ይቆማል፣ ቀዩ ከሰማያዊው፣ ጥቁሩ ከነጩ አሁንም ተለይቶ ይታያል፣ ምክንያቱም ሸማኔው ቀለሞቹን አራርቆ ነው የተከላቸው። የ18ኛው ክፍለ ዘመኑ ላይ ግን ፊት የሠሩት ሠላሳ ዓይነት ሮዝ ሁሉ አንድ የገረጣ ቀለም ይሆንና አፍንጫና ጉንጭ ይቀላቀላል። እረኛዋ ፊቷ ጠፍቶ ቀሚሷ ብቻ ይቀራል።

እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፣ እና ለዚህ ነገር ዕድለኛ ከተማ ናት። ጌቲ ሙዚየም የቡሼን "የፍቅር ምንጭ" የዘይት ሥዕል በ1748 የተፈረመበትን ይዟል፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሳን ማሪኖ ያለው ሀንቲንግተን ውስጥ ደሞ ከዛው ተከታታይ ቦቬ የተሸመኑት ታፔስትሪዎች ትልቁ የላይብረሪ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። አንዱን አይታችሁ ሌላውን ብታዩ ሙሉ ትምህርት ነው። ቡሼ ራሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ የሚወድ ሰው ነበር፣ ቢሆንም ሥዕሉ ላይ ቅጠል ቅጠል ነው። ታፔስትሪ ስታዩ ከሩቅ ብቻ አትዩ፣ ጠባቂው እስከሚፈቅደው ድረስ ቀረብ በሉ። ጥቁር ቡናማ መስመር የነበረበት ቦታ፣ የጫማ ጠርዝ፣ የቅርንጫፍ ጥላ፣ ክሩ ተበልቶ ድሩ ገጦ ታገኙታላችሁ፣ ለጥቁሩ የሚጨመረው ብረት ሱፉን ቀስ በቀስ ስለሚበላው ነው። ሐሩም የሚያብረቀርቀው ቦታ ላይ፣ የቀሚሱ እጥፋት ጫፍ ላይ፣ ቀድሞ ይሰባበራል። ሌላው ደሞ ሁለት ቀለሞች ቀጥ ብለው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጨርቁ ስንጥቅ አለው፣ ማጎቹ እርስ በርስ ስላልተያያዙ፣ ያንን ስንጥቅ በኋላ በመርፌ ይሰፉታል፣ እና ስፌቱ ሲላላ በእረኛዋ ክንድና በቀሚሷ መሀል ጭላንጭል ይታያችኋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰቀልበት ክፍል ጨለም የሚለውም ለዚህ ነው፣ ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው።

ኦቡሶንን ግን ለብቻው ነው የምወደው። ሰው ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያየዋል፣ ክሩ ወፈር ያለ ነው፣ ሐሩ ትንሽ ነው፣ ገዢው ንጉሥ ሳይሆን የጠቅላይ ግዛት ዳኛና ነጋዴ ነው። በ1732 በወጣው ደንብ የኦቡሶን ሥራ ሰማያዊ ጠርዝ፣ የጎረቤቷ የፌልታን ሥራ ደሞ ቡናማ ጠርዝ እንዲኖረው ተደረገ፣ ገበያ ላይ እንዳይምታቱ፣ ከዛ ትንሽ ቀደም ብሎም መንግሥት አንድ ሰዓሊና አንድ ቀለም ነካሪ ልኮላቸው ነበር። ግን ቡሼን የሚያህል ሰው ካርቶን እንዲሠራላቸው የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም። ምን አደረጉ? የቡሼና በኋላም ኡዌ የሚባል ሰዓሊ ሥራዎች በህትመት ይሸጡ ነበር፣ ህትመቱን ገዝተው ከሱ ላይ ንድፍ አወጡ። ህትመቱ ጥቁርና ነጭ ነው! ስለዚህ የእረኛዋ ቀሚስ ቀይ ይሁን ቢጫ፣ የበጉ ሪቫን ምን ይምሰል፣ እዛው ከተማዋ ውስጥ ነው የሚወሰነው። ፊቶቹ ቦቬን አያህሉም፣ አንዳንዴ የእጅ ጣት እንደ ዱላ ነው። ቢሆንም ጥቂት ቀለም፣ ወፍራም ክር፣ ግልጽ መስመር ነው ያላቸው፣ ማለት ኡድሪ ሊያጠፋው የፈለገው ነገር ድህነት ጠብቆላቸዋል። አንድ የደከመ ጎብላንና አንድ የደከመ ኦቡሶን ጎን ለጎን ቢሰጡኝ ኦቡሶኑን ነው የምወስደው።

የፈረንሳይ አብዮት ላይ ብዙ አልቆይም። በ1793 የንጉሥ ምልክት ያለባቸው ታፔስትሪዎች ጎብላን ግቢ ውስጥ በእሳት ተቃጠሉ፣ በ1797 ደሞ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው የወርቅና የብር ክር ያላቸውን ብዙ የድሮ ሥራዎች አቃጥሎ ብረቱን ወሰደ። የእረኞቹ ሥራዎች በአብዛኛው ሱፍና ሐር ብቻ ስለሆኑ የሚቀልጥ ነገር አልነበራቸውም፣ ተረፉ።

በ1824 ጎብላን ሚሼል ኦዤን ሼቭረል የሚባል ኬሚስት የቀለም ነከራ ኃላፊ አድርጎ ሾመ። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ጥቁር አይመስልም ብለው ስሞታ አቀረቡለት። ሰውየው መረመረ፣ ጥቁሩ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ጎኑ ያለው ቀለም ነው፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ አጠገብ ሲሆን ዓይን ጥቁሩን ያደክመዋል። በ1839 ያሳተመው ይሄ ሐሳብ በኋላ ሰዓሊዎችን ሁሉ አስተማረ፣ መነሻው ግን የሸማኔ ቅሬታ ነው። የሚያሳዝነው እሱ ራሱ ቀጥሎ 14,400 የቀለም ደረጃ ያለው ሥርዓት አወጣ፣ ቤቱም ሥዕል መገልበጡን ቀጠለ።

ነገሩ የዞረው በ1939 ነው። ዣን ሉርሳ የሚባል ሰዓሊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኦቡሶን ተላከ፣ ያን ጊዜ ከተማዋ ሥራ አጥታ ልትዘጋ ደርሳለች። ሉርሳ ከዛ በፊት አንዤ ከተማ ያለውን የ14ኛው ክፍለ ዘመን የዮሐንስ ራእይ ታፔስትሪ አይቶ ተነክቶ ነበር፣ በጥቂት ቀለም የተሠራ ግዙፍ ነገር ነው። ኦቡሶን ሲደርስ ወፍራም ክር፣ ውስን ቀለም፣ ጠንካራ መስመር አለ። ካርቶኑን ቀለም አልቀባውም፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ የክሩን ቁጥር ጻፈበት። የጎብላን ሰዎች በ1748 ሲጮሁበት የነበረው ነገር ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሰዓሊ አፍ ሲነገር ነው የተሰማው። የቦቬ የድሮ ሕንፃ በ1940 በቦምብ ሲወድም ኦቡሶን ግን በጦርነቱ መሀል መሸመኗን ቀጠለች።

ዛሬ ፌልታን ውስጥ ሱፍ የሚፈትል ፋብሪካ አለ፣ ኦቡሶን ውስጥ ወርክሾፖቹ ይሠራሉ፣ የኦቡሶን ሽመና በ2009 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ በ2016 ደሞ ትልቁ ዓለም አቀፍ የታፔስትሪ ማዕከል ተከፍቶ ወጣቶችም እዛው ይሠለጥናሉ። አዲስ ሥራ ሲጀመር ከሽመናው በፊት ሸማኔዋ ከካርቶኑ ጋር ቁጭ ብላ ክር ትመርጣለች፣ ናሙና ሸምና ታሳያለች፣ የተመረጡት ክሮች እንደ መቁጠሪያ በአንድ ገመድ ይታሰሩና መሣሪያው ላይ ይንጠለጠላሉ። ሰዓሊው በሕይወት ካለ ይመጣና ከሷ ጋር ይነጋገራል፣ ይሄ ቀለም ይሳሳል ካለችው ይቀየራል።